ከኮርቻ ወርዶ አሰልጣኝ መሆን፦ ለጡረተኛ ጆኪ (የሩጫ ፈረስ ጋላቢ) ከዜሮ የሚጀምር መመሪያ

ጋልበህ ጋልበህ፣ አጥንትህ ስንቴ ተሰብሮ ስንቴ ተጠግኖ፣ ኪሎ ለመቀነስ ዓመታት ሙሉ ተርበህ፣ አሁን ቦቱን ሰቀልክ። ቀጥሎ ምን ልሥራ ስትል ደሞ ለአብዛኞቻችን መልሱ ቶሎ ነው የሚመጣው፦ ፈረስ ላሠልጥን። ሌላ ምን እናውቃለን? እኔም እንደዛ ብዬ ነው ዘው ያልኩት። በመጀመሪያው ወር አንድ ፈረስ ከፊቴ ሶምሶማ እያስኬዱልኝ ቆሜ እያየሁት ያነክሳል አያነክስም የሚለውን መለየት አቃተኝ። ጀርባው ላይ ብወጣ በአሥር እርምጃ እነግራቸው ነበር። መሬት ላይ ቆሜ ግን እንደማንኛውም ተመልካች ነበርኩ፣ የጋጣው ልጆች ደሞ አፌን እያዩ ነው።

ችግሩ በሙሉ እዛ ላይ ነው ያለው። የኛ እውቀት ያለው በእጅና በመቀመጫ ነው፣ አሰልጣኝ የሚሠራው ግን በዓይኑ፣ በመዳፉና በደብተሩ ነው። ጆኪ የሚመጣው ፈረሱ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ለሁለት ደቂቃ ሲሆን አሰልጣኝ የቀረው 23 ሰዓት ከ58 ደቂቃ የሱ ነው። ይሄን ይዘህ አንብበው። (ሴት ጆኪዎችም እያነበባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንተ አንቺ እያልኩ ከምቀላቅል በአንተ ልቀጥል፣ ይቅርታ።)

ደረጃ 1፦ ጋጣ ከመክፈትህ በፊት ሰው ቤት ሥራ

ቢያንስ አንድ ሙሉ ሲዝን፣ ቢቻል ሁለት፣ በረዳት አሰልጣኝነት ሥራ። "እኔ እኮ ለስንት ትልልቅ አሰልጣኝ ጋልቤያለሁ" አትበለኝ፣ የጋለብክላቸው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ሰኞ ማታ ስንት የድርቆሽ ሂሳብ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተከመረ አላየህም።

ስትመርጥ ስም ወዳለው ትልቅ ቤት (ማሠልጠኛ ጋጣ ማለቴ ነው) አትሩጥ። ትልቅ ቤት ውስጥ አንተ የሚሰጥህ አንድ ጥግ ነው፣ መጋቢው ሌላ፣ ሂሳብ ሠራተኛው ሌላ፣ ፈረስ ለሩጫ የሚያስመዘግበው ሌላ። ከ20 እስከ 30 ፈረስ ያለው ቤት ብትገባ ሁሉም ነገር በእጅህ ያልፋል። ስትገባም በግልጽ ጠይቅ፦ መጋለብ ብቻ ሳይሆን መኖውን እየመዘንኩ፣ ሐኪሙ ሲመጣ አብሬ እየቆምኩ፣ ደረሰኞቹን እያየሁ መሥራት እፈልጋለሁ በል። እምቢ ካሉህ ሌላ ቤት ሂድ፣ ምክንያቱም የጠዋት ጋላቢ አድርገው ነው የሚያስቀሩህ።

ከጆኪነት ተነስተው ትልቅ አሰልጣኝ የሆኑ አሉ፣ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም የምጽፈው። ጆኒ ሎንግደን በ1943 ካውንት ፍሊትን ጋልቦ ኬንታኪ ደርቢ የሚባለውን ትልቁን የአሜሪካ ሩጫ አሸነፈ፣ በ1969 ደሞ ማጀስቲክ ፕሪንስን አሠልጥኖ ያንኑ ሩጫ ወሰደ። ፍሬድ ዊንተር አራት ጊዜ ሻምፒዮን ጆኪ ነበር፣ በ1964 መጋለብ አቁሞ በ1965 እና በ1966 በተከታታይ ግራንድ ናሽናልን (ታዋቂውን የእንግሊዝ የመሰናክል ሩጫ) በአሰልጣኝነት አሸነፈ፣ ከዛ ስምንት ጊዜ ሻምፒዮን አሰልጣኝ ሆነ። ፍሬዲ ሄድ ሚየስክን ጋልቦ በ1987 እና በ1988 ብሪደርስ ካፕ ማይል የሚባለውን የአሜሪካ ሩጫ በላ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ጎልዲኮቫን አሠልጥኖ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያንኑ ደገመው። ግን ሌላውን ጎንም እይ። ማርቲን ፓይፕ እዚህ ግባ የሚባል ጆኪ አልነበረም፣ አባቱ አቋማሪ ነበር፣ እሱ ግን 15 ጊዜ ሻምፒዮን አሰልጣኝ ሆነ። ፈረሶቹን በየጊዜው እየመዘነ፣ ደማቸውን በራሱ ላብራቶሪ እያስመረመረ፣ ዳገት ላይ አጫጭር ግልቢያ እየደጋገመ ነው የሠራው። ይሄ ሁሉ ከመሬት የሚሠራ ሥራ ነው።

በረዳትነትህ ጊዜ ራስህን የምታስተምረው ትልቁ ነገር ማየት ነው። በየቀኑ ፈረስ በጠንካራ መሬት ላይ፣ ገመዱ ላላ ብሎ፣ ሶምሶማ ሲሄድ ቆመህ ተመልከት። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። የኋላ ከሆነ ጭንቅላቱን ተወውና ዳሌውን እይ፣ አንዱ ወገን ከሌላው በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ አይታይህም። በስልክ ቀርጸህ ማታ ቀስ አድርገህ ደጋግመህ እየው፣ ከዛ ሐኪሙ ምን እንዳለ ጋር አስተያይ። እኔ ዓይኔ እስኪገራ ስድስት ወር ፈጀብኝ።

ደረጃ 2፦ ላይሰንስ

ይሄን አላንዛዛውም፣ ከአገር አገር ይለያያልና የራስህን የሩጫ ባለሥልጣን ደንብ ቁጭ ብለህ አንብብ። በጥቅሉ ግን የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ ኮርስ ወይም ፈተና (የጽሑፍም የተግባርም)፣ ጋጣህን መጥተው ያያሉ፣ ገንዘብ እንዳለህ ማሳየት አለብህ፣ ያለፈ ታሪክህም ይታያል። በጆኪነትህ በተደጋጋሚ ተቀጥተህ ከሆነ ራስህ ቀድመህ ብታነሳው ይሻላል፣ እነሱ እንደሆነ ፋይሉ አላቸው። ደሞ በብዙ ቦታ የጆኪና የአሰልጣኝ ላይሰንስ አንድ ላይ መያዝ አይቻልም፣ ስለዚ የመጨረሻውን ሩጫህን ሳትጋልብ ማመልከቻ አታስገባ።

አንድ ነገር ግን ከደንቡ መሃል ቀለም አስምርበት። ፈረስህ ላይ የተከለከለ ነገር ከተገኘ ተጠያቂው አንተ ነህ፣ ማን እንደሰጠው ብታውቅም ባታውቅም። ጆኪ እያለህ ፈረሱ ቢመረመር ያንተ ጉዳይ አልነበረም። አሁን በቃ ያንተ ነው።

ደረጃ 3፦ ከፈረስ በፊት ሂሳብ

እኛ ጆኪዎች ገንዘብ ላይ የተበላሸን ነን፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ጋልበን እንሄዳለን፣ ክፍያው በሌላ ሰው በኩል ይመጣልናል። አሰልጣኝ ሆነህ ግን መጀመሪያ ታወጣለህ፣ ከወር በኋላ ትጠይቃለህ፣ ከሁለት ወር በኋላ ምናልባት ይከፈልሃል። ስለዚ ምንም ገቢ ሳይገባ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያቆይህ ገንዘብ ሳይኖርህ በር አትክፈት።

የቀን ክፍያ ስታወጣ ጎረቤት ስንት ያስከፍላል ብለህ አትጀምር። የዓመት ወጪህን በሙሉ ጻፍ፦ ኪራይ፣ ደሞዝ፣ መኖ፣ ጉዝጓዝ፣ የመለማመጃ ሜዳ ክፍያ፣ ኢንሹራንስ፣ ነዳጅ፣ የመኪና ጥገና፣ መብራት፣ ውሃ፣ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ያንተ ደሞዝ (አዎ ያንተም፣ ሁሉም ሰው ይቺን ይረሳል)። ከዛ በጋጣ ቁጥር አካፍለው፣ ግን 10 ጋጣ ካለህ በ10 አታካፍል፣ በ7 አካፍል። ሁሉም ጋጣ ሙሉ ሆኖ ዓመቱን የሚዘልቅበት ቤት አላየሁም፣ አንዱ ይጎዳል፣ አንዱ ይሸጣል፣ አንዱን ባለቤቱ ተቆጥቶ ይወስደዋል። የወጣውን በ365 ስታካፍለው የቀን ዋጋህ እሱ ነው። የሐኪም፣ የኮቴ ብረትና የማጓጓዣ ወጪ ለብቻው በደረሰኝ ይጠየቃል። ከሽልማት የሚደርስህ ብዙ ቦታ 10 በመቶ አካባቢ ነው፣ ግን በጀት ውስጥ አታስገባው። ከመጣ መጣ።

ያለ ኮንትራት ፈረስ አትቀበል። ለድሮ ወዳጅህም ቢሆን። በተለይ ለድሮ ወዳጅህ። መቼ እንደሚከፈል፣ ካልተከፈለ ምን እንደሚሆን፣ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ማን እንደሚወስን፣ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አንድ በጣም የማከብራቸው ሰውዬ "ልጄ፣ ባንተና በእኔ መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል" ብለውኝ አፍሬ ዝም አልኩ፣ የአምስት ወር መኖ በኪሴ በላሁት።

ግብር ላይ ደሞ ቀልድ የለም። ሌስተር ፒጎትን የሚያህል ጆኪ፣ ማሠልጠን ጀምሮ በ1986 ሮያል አስኮት የሚባለው ትልቁ የእንግሊዝ የሩጫ ዝግጅት ላይ አሸናፊ ያወጣ ሰው፣ በ1987 በግብር ማጭበርበር ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ፣ ጋጣውም ከእጁ ወጣ። ሂሳብ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን ቅጠር።

ደረጃ 4፦ ቦታው

ጋጣ አታሠራ፣ ተከራይ። ከጋጣው ውበት በፊት የምትለማመድበትን መሬት እይ፦ ዝናብ ሲዘንብ ምን ይሆናል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል ወይ፣ ማን ነው የሚያስተካክለው፣ ዳገት አለው ወይ። ዳገት ትልቅ ሀብት ነው፣ ፈረሱ ፍጥነት ሳይጨምር ልቡና ሳንባው ይሠራል፣ የፊት እግሩም ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል።

ጋጣው 3.6 በ3.6 ሜትር ገደማ ይሁን፣ ዋናው ግን አየር ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍት የሽንት ሽታ ዓይንህን የሚያቃጥልህ ከሆነ ፈረሱ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሲተነፍስ ነው ያደረው፣ የሩጫ ፈረስ ደሞ ያለ ሳንባ ምንም ነው። አቧራ የሚያስነሳ ድርቆሽ አትግዛ፣ ከገዛህም በውሃ አርሰው። አንድ ጋጣ ደሞ ከሌሎቹ ራቅ ያለ ይኑርህ፣ አዲስ የመጣ ፈረስ ሁለት ሦስት ሳምንት እዛ ይቆያል፣ የራሱ ባልዲ፣ የራሱ ብሩሽ። ይሄ ቅንጦት የሚመስለው ካለ በየካቲት 2019 በፈረስ ኢንፍሉዌንዛ ምክንያት የእንግሊዝ ሩጫ በሙሉ ለስድስት ቀን መቆሙን ያስታውስ።

ደረጃ 5፦ ሰው

አንድ ባልደራስ በደንብ የሚይዘው ሦስት ቢበዛ አራት ፈረስ ነው። ከዛ በላይ ከሰጠኸው ፋንድያ ይጠርጋል እንጂ ፈረስ አያይም።

የኛ ክፉ ልማድ ሰውን በአጋላለቡ መመዘን ነው። መጋለብ የማይችል ግን ፈረሱ ትናንት ከጠጣው ውሃ ዛሬ ግማሽ ባልዲ እንደቀነሰ የሚነግርህ ሰው ከሦስት ጥሩ ጋላቢ ይበልጥብሃል። እንደዛ ያለ ሰው ካገኘህ አክብረህ ያዘው፣ ደሞዙን በቀኑ ክፈል፣ ፈረሱ ሲያሸንፍ ስሙን ጥራ፣ ሲሳሳት ሰው ፊት አትጩህበት። ጆኪ እያለን አሰልጣኞች ሲጮሁብን የነበረውን እናስታውሳለን አይደል?

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ ፈረሶች

ሰው ምርጡን አይሰጥህም፣ ይሄን ቶሎ ተቀበለው። የሚመጡልህ ሌላ ቤት ያልሆነላቸው፣ እግራቸው የሚያጠራጥር፣ ጠባያቸው የከፋ ናቸው። እዚህ ላይ ግን ጆኪነትህ ገንዘብ ነው። ጠባዩ የከፋውን ውሰድ፣ እግሩ የከፋውን ተው። ልጓም የሚነክስ፣ መነሻ ሳጥን አልገባም የሚል፣ ከፊት ሆኖ የሚያብድ ፈረስ አንተ ታስተካክለዋለህ፣ ዕድሜህን ሙሉ የሠራኸው እሱን ነው። የተበጠሰ ጅማት ግን ለማንም አይታዘዝም።

መጀመሪያ ላይ የሁለት ዓመት ፈረስ አታብዛ። በሩጫ ዓለም ፈረስ ሁሉ ልደቱ አንድ ቀን ነው፣ በሰሜኑ የምድር ክፍል ጃንዋሪ 1፣ በደቡቡ በብዙ አገር ኦገስት 1፣ ስለዚ ሁለት ዓመት የሚባለው በእውነቱ ገና ሃያ ወር ሊሆን ይችላል። እሱን ማሠልጠን ትዕግሥትም ባለ ገንዘብም ይፈልጋል። አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው፣ ብዙ የሮጡ፣ ምን እንደሚወዱ የሚታወቅ ፈረሶች ናቸው ቤት የሚያቆሙልህ።

ድሮ ያሸነፍክበትን ፈረስ ደሞ በስሜት አትግዛ። እኔ ገዝቻለሁ። ሦስት ጊዜ አሸንፌበታለሁ፣ ጨረታ ላይ ሳየው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አየኝ (እኔን ያወቀኝ መሰለኝ፣ ምናልባት ባልዲ የያዘውን ልጅ ነው ያየው)፣ ሐኪም ሳላሳይ እጄን አነሳሁ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት የግራ የፊት ጅማቱ ሄደ። አልትራሳውንዱ ላይ ሐኪሙ የድሮ ጠባሳ አሳየኝ፣ እኔ ከመግዛቴ በፊት የነበረ። ከመግዛትህ በፊት ሐኪም እግሩንም ልቡንም ጉሮሮውንም ይይልህ፣ ለምን እንደሚሸጥም ጠይቅ፣ መልሱ ካላሳመነህ ተመለስ።

ደረጃ 7፦ ጠዋት

ጎህ ሳይቀድ፣ ማንም ፈረስ ከጋጣው ሳይወጣ፣ ይሄን በዚህ ቅደም ተከተል ሥራው፦

መጀመሪያ ግርግሙን እይ። አጃውን ጥሎ ያደረ ፈረስ አንድ ነገር እየነገረህ ነው። ከዛ ሙቀቱን ለካ፣ 37.5 እስከ 38.5 ደህና ነው፣ ግን ዋናው የራሱን ልማድ ማወቅ ነው፣ ሁልጊዜ 37.6 የሚሆን ፈረስ 38.4 ካለ እኔ አላስወጣውም። በእረፍት ላይ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ፋንድያውንም እይ፣ ስንት ጊዜ፣ ደረቅ ነው ለስላሳ።

ከዛ እግር። ይሄን ቀስ ብዬ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሲያደርገው ለይስሙላ ነው። አትንበርከክ፣ ቁጢጥ በል፣ ቢረግጥ ለመነሳት እንዲመችህ። እጅህ ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ወይም ከጓንት የወጣ አይሁን፣ ሙቀት አይለይም። መጀመሪያ በቆመበት መዳፍህን ከጉልበቱ በታች ከኋላ በኩል አሳርፈህ ቀስ ብለህ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውረድ፣ ከዛ ወዲያው ሌላኛውን እግር እንደዛው፣ የምትፈልገው ልዩነት ነው፣ አንዱ ከሌላው ከሞቀ ወይም ከወፈረ። ቀጥሎ እግሩን አንሳና አጥፈህ ያዝ፣ ጅማቱ ላላ ይላል፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዘህ ከላይ ወደ ታች በየጣት ስፋቱ ጫን ጫን እያደረግክ ሂድ። ጤነኛ ጅማት ጠርዙ ጥርት ያለ፣ እንደ ወፍራም ገመድ ነው። የታመመ ደሞ አንድ ቦታ ላይ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ሊጥ የነካህ ይመስልሃል፣ ስትጫነው እግሩን ይነጥቅሃል። ይነጥቃል ስልህ ዝም ብሎ መወራጨት አይደለም፣ ያችኑ ቦታ ደግመህ ስትነካ ደግሞ ይነጥቃል። እንደዛ ካገኘህ ያን ቀን አይወጣም፣ አልትራሳውንድ ይነሳል፣ አበቃ። ሩጫው ነገ ቢሆንም። ጅማት ካለቀ 9 ወር እስከ አንድ ዓመት ነው የምትጠብቀው፣ አንድ ቀን ብታሳርፍ ምንም አልጎደለብህም።

ሁሉንም ጻፍ። በደብተርም በስልክም፣ ግን ጻፍ።

ደረጃ 8፦ ማሠልጠኑ ራሱ

ጡረተኛ ጆኪ ፈረስ የሚያበላሸው እዚህ ነው፣ ምክንያቱ ደሞ ችሎታው ነው። ሳምንት ሦስት አራት ሲሞላ ፈረሱ ከላይ ሆነህ ስትጋልበው "ዝግጁ ነኝ" ይልሃል፣ መተንፈሱ ቀሏል፣ እጅህን ይጎትታል፣ ደስ ይልሃል። ያታልልሃል። ልብና ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራሉ፣ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚ ሁልጊዜ ሞተሩ ከጎማው ቀድሞ ይደርሳል። ከላይ የሚሰማህ ሞተሩ ነው።

ከረጅም እረፍት ለመጣ ትልቅ ፈረስ እኔ የምከተለው በግምት እንደዚ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እርምጃ፣ ከዛ እስከ ስድስተኛው ሳምንት እርምጃና ሶምሶማ፣ ዳገት ካለህ በዳገት። ከስድስት እስከ አሥር ረጋ ያለ ደንገላሳ፣ 200 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎሜትር። ከአሥረኛው በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን 200 ሜትሩን በ15 ሰከንድ፣ ይሄ ወደ 48 ኪሎሜትር ነው። ሽምጥ ግልቢያ፣ ማለትም የሩጫ ፍጥነት፣ 200 ሜትር በ12 ሰከንድ፣ መጨረሻ ላይ አጭር አጭር ብቻ፣ 400 ከዛ 600 ሜትር፣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን እያራራቅክ። አንድ ሳምንት ላይ ወይ ርቀት ጨምር ወይ ፍጥነት፣ ሁለቱን ባንዴ አትጨምር። ጎበዝ ሆኖ ሲታይህ አትቸኩል፣ ሲያቅማማ ደሞ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስ።

ወጣት ፈረስ ላይ ትንሽ ይለያል። አጥንት የሚጠነክረው በሚደርስበት ጫና ልክ ነው፣ ስለዚ ወራት ሙሉ በዝግታ ብቻ ሄዶ ድንገት ፍጥነት የገጠመው ፈረስ ቅልጥሙ ፊት ለፊት ያብጥና ያመዋል፣ ሁላችንም የምናውቀው በሽታ ነው። ገና ከጠዋቱ በጣም አጭር ፈጣን ቁራጭ፣ መቶ ሁለት መቶ ሜትር፣ ጣል ጣል ማድረግ ይጠቅማል። የከባድ ስብራት አብዛኛው ድንገተኛ የሚመስል ነገር ግን ቀደም ብሎ አጥንቱ ውስጥ የተጠራቀመ ጥቃቅን ጉዳት ነው፣ ለዚህ ነው ትንሽ እርምጃው ያጠረች ፈረስ ላይ የምጨነቀው።

እና አንተ ራስህ ምን ያህል ትጋልብ? በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፣ የሚያጠራጥርህን ፈረስ ለማወቅ። ቀሪውን መሬት ላይ ቁም። እኔ መጀመሪያ ሁሉንም ራሴ ስጋልብ ነበር፣ የፈረሴን ስሜት ከኔ በላይ ማን ያውቃል ብዬ፣ ሌሎቹ አምስቱ ከኋላዬ ምን እየሆኑ እንደነበር ግን ማን አየ? ማንም። ደሞ እናውራ ከተባለ ከጡረታ በኋላ ኪሏችን የት እንደሄደ እናውቃለን፣ ለፈረሱም ይታሰብለት። በእጅህ ሰዓት ያዝ፣ ቢቻል የልብ ምት መለኪያ ግዛ። የሩጫ ፈረስ ልብ ሲበዛ በደቂቃ ከ220 እስከ 240 ይደርሳል፣ አንተን የሚጠቅምህ ግን ከግልቢያ በኋላ ስንት ደቂቃ ወስዶ እንደሚወርድ ነው። ባለፈው ሳምንት በተመሳሳይ ሥራ ቶሎ የወረደው ዛሬ ካልወረደ ወይ ታሟል ወይ አንድ ቦታ ያመዋል።

ደረጃ 9፦ መኖ

500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ይበላል፣ ማለትም ከ10 እስከ 12.5 ኪሎ፣ ድርቆሽና እህል ተደምሮ። ቢያንስ ግማሹ ድርቆሽ ይሁን። የፈረስ ጨጓራ ለአካሉ ትንሽ ነው፣ አሲዱ ደሞ ቢበላም ባይበላም ቀኑን ሙሉ ይመነጫል፣ ፈረስ ማስታወክም አይችልም። ስለዚ እህሉን ሦስት አራት ቦታ ከፋፍለው፣ ባንዴ ከሁለት ኪሎ አታሳልፍ። በሥልጠና ላይ ያሉ አብዛኞቹ የሩጫ ፈረሶች የጨጓራ ቁስል አለባቸው፣ አኩራፊ የምንላቸው፣ የሆድ ቀበቶ ሲጠብቅ የሚነክሱት፣ ብዙ ጊዜ ሆዳቸውን የሚያማቸው ናቸው። ከግልቢያ በፊት አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ ድርቆሽ ስጠው፣ አሲዱ እንዳይረጭ ይይዝለታል። ስንት ዓመት ባዶ ሆዱን ማውጣት ነው ትክክሉ ብለውን ነበር!

ውሃ ሁልጊዜ ከፊቱ ይሁን፣ በቀን ከ30 እስከ 50 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። በሙቀት ሲሠራ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሊትር ላብ ያወጣል፣ ጨውም አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚ ጨው ጨምርለት። መኖ ስትቀይር በሰባት በአሥር ቀን ቀስ እያልክ፣ አለበለዚያ የሆድ ቁርጠት ትጠራለህ።

ለኛ ለጆኪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከኪሎ ጋር ዕድሜ ልካችንን ስለተጣላን ፈረስ ሲወፍር ያስፈራናል። ቀጭን ፈረስ ፈጣን ፈረስ አይደለም። ሚዛን ግዛ ወይም ተከራይ፣ በሳምንት አንዴ በተመሳሳይ ሰዓት መዝን፣ ያሸነፈበት ቀን ስንት እንደነበር ካወቅክ እሱን ነው የምትፈልገው።

ደረጃ 10፦ መድኃኒትና ብክለት

እያንዳንዱ መርፌ፣ እያንዳንዱ ቅባት፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ መጠኑ፣ ማን እንደሰጠ፣ ይጻፍ። ከሩጫ በፊት ስንት ቀን መቆም እንዳለበት ሐኪሙን በጽሑፍ ጠይቅ፣ አንተ ደሞ ከላዩ ጥቂት ቀን ጨምርበት። ከዛ ሳታስበው የሚመጣው አለ፦ ሠራተኛ ቡናውን ባልዲ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ይደፋበታል፣ ቸኮሌት ያጎርሰዋል (ካፌይንም ቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴኦብሮሚንም ምርመራ ላይ ይወጣሉ)፣ ወይም የሚውጠው መድኃኒት ያለበት ልጅ ጋጣ ጥግ ሽንቱን ይሸናል፣ ፈረሱ ያንን ጭድ ይበላል። ቀልድ አይደለም። ሽንት ቤት ቅርብ ይሁን፣ ጋጣ ውስጥ መብላት መጠጣት ክልክል ነው ብለህ ለጥፍ።

ደረጃ 11፦ የመጀመሪያው ሩጫ

እዚህ ላይ ከማንም ትበልጣለህ። ሜዳውን ታውቀዋለህ፣ የቱ መታጠፊያ ላይ ውጪ የቀረ እንደሚሞት፣ ዝናብ ሲዘንብ የቱ ጠርዝ ደህና እንደሆነ። ፈረሱን ሊያሸንፍ በሚችልበት ደረጃ አስመዝግበው፣ ባለቤቱ ኮፍያ ለብሶ ፎቶ ሊነሳበት በሚፈልገው ደረጃ አይደለም። የበታች ሩጫ አሸንፎ መውጣት ከትልቁ ሩጫ ዘጠነኛ ወጥቶ ከመመለስ ለፈረሱም ለስምህም ይሻላል።

ለጆኪው ትዕዛዝ አታብዛ። አንተ ሆነህ በዓይነ ሕሊናህ እየጋለብክ አሥር ነገር ትነግረዋለህ፣ በሩ ሲከፈት አሥሩም ይጠፋል። ሁለት ነገር ንገረው፦ ፈረሱ ምን እንደሚጠላና መቼ እንደሚያፋጥን። ሲመለስ ደሞ መጀመሪያ አዳምጠው፣ አንተ ከማስረዳትህ በፊት፣ የምትፈልገውን መረጃ የያዘው እሱ ነው። እኔ ልሆን ይገባኝ ነበር የሚለው ስሜት ይመጣል፣ ይመጣል፣ ዋጠው።

ለባለቤቱ በዛው ቀን ደውል። ጥሩ ዜና ራሱ ይደርሳል፣ መጥፎውን ግን ከአንተ አፍ ይስማ፣ በቀጥታ፦ "ጌታዬ፣ ዛሬ ደካማ ነበር፣ ምክንያቱን ገና አላወቅኩም፣ ነገ ሐኪም ያየዋል።" ሰበብ ደርድረህ ከምታስደስተው አላወቅኩም ብትለው ይሻላል፣ ሦስተኛው ሰበብ ላይ ማንም ማመን ያቆማል።

ከሩጫው በኋላ በአንድ ሰዓት አካባቢ በኢንዶስኮፕ (በአፍንጫው በምትገባ ቀጭን ካሜራ) ጉሮሮውን ማሳየት ከቻልክ አሳይ፣ ሲሮጥ ከሳንባው ደም ፈሶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫ አይታይም። ማታ እግሩን ንካ፣ ጠዋት ደግመህ ንካ፣ ሶምሶማ አስኬደው። ከሩጫና ከጉዞ አሥር ሃያ ኪሎ ቀንሶ ሊመለስ ይችላል፣ ያ አያስደነግጥህም። ግርግሙን ስንት ማታ እንደተወው ግን ቁጠር። በሦስተኛው ቀን ሚዛን ላይ አቁመው፣ ክብደቱ ወደ ቦታው እየተመለሰ ካልሆነ ለሚቀጥለው ሩጫ አታስመዝግበው፣ ባለቤቱ ደውሎ "መቼ ነው ደሞ የሚሮጠው" ሲልህም ቁጥሩን አንብብለት።